«ድፍረት»፤ ሰሙና ወርቁ

ድፍረት የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፊት አለው። እውነትን በባለ ሥልጣን ፊት ለመናገር ያልፈራ ሰው ደፈረ ይባላል፤ ይህ ምስጋና ነው። የባልንጀራውን ድንበር የገፋ፥ የታላቁን ክብር ያቃለለ፥ ሴትን ልጅ ያለ ፈቃዷ በግፍ የያዘ ሰውም እንዲሁ ደፈረ ይባላል፤ ይህ ነቀፋ ነው፤ ወንጀልም ነው። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለውን ቃል ኅብር ይሉታል፤ መልኩ ሳይለወጥ ሁለት ምሥጢር ይሸከማልና። በ2006 ዓ.ም. ለዓለም የታየው «ድፍረት» የተባለው የአማርኛ ፊልም ስሙን የወሰደው ከዚህ ኅብር ነው። የመጀመሪያው ድፍረት የጠላፊው እንደ ሆነ ማንም ተመልካች ያውቀዋል። ሁለተኛው ድፍረት የማን ነው? የልጅቱ ነውን? ወይስ የጠበቃዋ? ይህን መመርመር የዚህ ጽሑፍ ሥራ ነው።

ፊልሙን የደረሱትና ያዘጋጁት አቶ ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ናቸው። አሜሪካዊቱ ተዋናይ አንጀሊና ጆሊም ስሟን ሰጥታ ደግፋዋለች። በአሜሪካ በሰንዳንስ፥ በጀርመንም በበርሊን በተደረጉት የፊልም በዓላት በዚያው ዓመት ተመልካች በሰጠው ድምፅ ተሸልሟል። ነገሩ በአርሲ ምድር በእውነት ከሆነ ታሪክ የተወሰደ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠላፊዎች ወሰዷት፤ ቤት ዘጉባት፤ ከእነርሱም አንዱ ሚስት ላደርጋት ነው ብሎ በግፍ ደረሰባት። ልጅቱ ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲከተላትም ተኩሳ ገደለችው። ስለዚህ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በነጻ ጥብቅና የቆመላት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት።

ስለ ፊልሙ ከመፍረዳችን አስቀድሞ ስለ ጠበቃዋ ጥቂት መናገር ይገባል። ወይዘሮ መዓዛ በአሶሳ ተወልደው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። ከዚያ በኋላ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ፤ ሕገ መንግሥቱም ሲረቀቅ ለአርቃቂው ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ይህ ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዝዛል፤ ስለ ሴቶች መብትም ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በፈረንጆች 1995 ከሌሎች የሕግ ባለሙያዎች እኅቶቻቸው ጋር የመሠረቱት ማኅበር ሥራው ይህ ቃል ከወረቀት ወርዶ ወደ መንደር እንዲገባ ማድረግ ነበር። የሚከፍሉት የሌላቸውን ሴቶች ያለ ዋጋ ይመክራል፤ በፍርድ ቤት ይቆምላቸዋል፤ የማይገባ ሆኖ ያገኘውን ሕግ ደግሞ እንዲለወጥ ይከራከራል።

ይህ ሥራ ያለ ቀዳሚ የተነሣ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ተመርጠው ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲገቡ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ነበር። ነገር ግን አንዲት ሴት በምክር ቤት መቀመጧ ሌላ ነው፤ በሩቅ ገጠር ያለች የደኻ ልጅ በችሎት ፊት የሚቆምላት ሰው ማግኘቷ ሌላ ነው። የወይዘሮ መዓዛ የሕይወት ሥራ ልዩነቱ በዚህ ላይ ነው። ስለ ሴቶች መብት በአደባባይ የተናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ የአንዲትን ልጅ መዝገብ ይዞ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ መመላለስ ግን ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ የማመሰግነው የአገር ሽማግሎችን ሸንጎ ያሳየበትን መንገድ ነው። ሽማግሎቹ በዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገሩን እንደ ልማዳቸው ይመረምራሉ። አዘጋጁ መሳቂያ ሊያደርጓቸው ይችሉ ነበር፤ አላደረጉም። ደም እንዳይመለስ፥ መንደር እንዳይፈርስ የሚጨነቁ ሰዎች አድርገው አሳዩአቸው። የፍርዳቸውም ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም። የሟች ወገን ነገሩን ያሰማል፤ የልጅቱ አባትም ይናገራል፤ ከሁሉ ይልቅ ነገሩ የደረሰባት እርሷ ግን ቃሏን የምትሰጥበት ስፍራ የላትም። ስለ እርሷ የሚነገረው ሁሉ ያለ እርሷ ይነገራል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የሸንጎው ጉድለት ብቻ መስሎ እንዳይታይህ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ብሎ ሲያበቃ፥ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በደለኛው በበደሉ ላይ ሠርግ ቢጨምርበት በደሉ ይሰረዝለታል ማለት ነው። የተማሩት ሰዎች በአዳራሽ የጻፉት ሕግና ሽማግሎች በዛፍ ሥር የሚፈርዱት ፍርድ በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ሁለቱም ነገሩን በወንዶች መካከል የሚያልቅ ዕርቅ አድርገው ያዩታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኦሪት ዘፍጥረት 34ኛው ምዕራፍ የያዕቆብን ልጅ የዲናን ታሪክ ይናገራል። ሴኬም በግፍ ከያዛት በኋላ አባቱ ለጋብቻ ልመና ይመጣል፤ እርሱም የተጠየቀውን ያህል ማጫ ለመስጠት ይስማማል። ወንድሞቿ በተንኰል ይመልሳሉ፤ በኋላም ከተማውን በሰይፍ ያጠፋሉ። አባት ያዝናል፤ ወንድም ይቈጣል፤ ጠላፊው ይለምናል። ዲና ግን በምዕራፉ ሁሉ አንድ ቃል አትናገርም። በዚያው መጽሐፍ በ24ኛው ምዕራፍ ርብቃ ለይስሐቅ ስትታጭ የሆነው ሌላ ነው። ቤተ ሰቦቿ ነገሩን ከተቀበሉ በኋላ እንኳ ልጅቱን ጠርተው መሄድ ትወድድ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ መልሱንም ከአፏ ሰሙ። ሁለቱን ምዕራፎች አስተያይቶ ያነበበ ሰው የጠለፋና የጋብቻ ልዩነት በየት እንዳለ ሌላ መምህር አያስፈልገውም። አባቶቻችን ሲዳኙበት የኖሩት ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጽ የሁለቱን ፈቃድ ይሻል። ስለዚህ የሴት ልጅን ፈቃድ መጠየቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች የገዛ መጽሐፋቸውን ገና አልገለጡትም።

እስከዚህ ድረስ ፊልሙን አመሰገንን። በቅኔ ጉባኤ ግን መምህሩ ደኅና ነው ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ሰሙ ከወርቁ ጋር መስማማቱን ይመረምራል። የ«ድፍረት» ጉድለት በወርቁ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስማቸው ይጠራሉ፤ ክፍሉንም ሜሮን ጌትነት ተጫውታዋለች። ልጅቱ ግን ኂሩት የሚል ሌላ ስም ተሰጥቷታል። የክሱ ሐሳብ፥ የሕጉ ክርክር፥ ከባለ ሥልጣኖች ጋር የሚደረገው ግብግብ ሁሉ በጠበቃዋ በኩል ይታያል። የልጅቱ ነገር የጠበቃዋን ጽናት ለማሳየት እንደ ሰም ሆኖ ይቀልጣል፤ ወርቁ የጠበቃዋ ሆኖ ይቀራል። ቅኔው ሊሆን የሚገባው ግን በግልባጩ ነበር። ጠበቃዋ የሕግ ትምህርት፥ ማኅበርና ባልደረቦች ነበሯቸው፤ ልጅቱ በዚያች ሰዓት ማንም አልነበራትም። የመጀመሪያውን ድፍረት በሁለተኛው ድፍረት የመለሰችው እርሷ ናት።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የታገደበትም ምክንያት ባለ ታሪኳ ራሷ፥ አሁን ሙሉ ሴት ሆና፥ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ አቤት ማለቷ ነው። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። የሠሩትም ሰዎች የራሳቸው መልስ ነበራቸው፤ በክሱ ማን እንደ ረታ መዳኘት የሃያሲ ሥራ አይደለም። የሃያሲ ሥራ የሚሆነው ምሥጢሩን ማየት ነው። ጠላፊው አልጠየቃትም፤ ሸንጎው አልጠየቃትም፤ የ1949ኙ ሕግ እንድትጠየቅ አላዘዘም፤ ስለ አለመጠየቋ የሚናገረው ፊልም በመጣ ጊዜም አልተጠየቅሁም አለች። እኔም በዚህ ጽሑፍ የእውነተኛ ስሟን የማልጠራው ስለዚህ ነው።

በእኛ በቅኔ ሰዎች ዘንድ ዘረፈ የሚለው ቃልም ኅብር ነው። ባለ ቅኔ ቅኔ ዘረፈ ሲባል ከልቡ አዲስ ምሥጢር አፈለቀ ማለት ነው፤ ይህ ታላቅ ክብር ነው። ሰው የሰውን ገንዘብ ዘረፈ ሲባል ግን ቀማ ማለት ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ በጉባኤ የሚያሰማ ተማሪ በመጀመሪያው ቃል ሊመሰገን ፈልጎ በሁለተኛው ይወድቃል። የሰውን የሕይወት ታሪክ ይዞ ድርሰት የሚሠራ ደራሲም ሁልጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ትርጓሜዎች ወሰን ላይ ይቆማል። ታሪኩ መልካም ዓላማ ያለው መሆኑ አያድነውም፤ ጠላፊውም ላገባት ነው ብሎ ነበርና።

እንግዲህ ያልተጠየቀችን ሴት በድርሰት እንዴት ማሳየት ይቻላል ቢሉ፥ ምሳሌው ከአገራችን አይርቅም። በደብረ ኤልያስ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን አሳይተውናል። ሰብለን ፈረሰኛ አልጠለፋትም፤ በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት በክብርና በጥበቃ የተቀመጠች የመኳንንት ልጅ ናት። ነገር ግን አባቷ ለዘር ክብሩ የሚመጥን አማች አጣሁ እያለ ጋብቻዋን ሲመልስ ኖረ፤ እርሷን ምን ትወጃለሽ ያላት የለም። ደራሲው ግን ጠየቋት። ስለ ሰብለ ስናነብ ምን እንደ ተደረገባት ብቻ አይደለም የምናውቀው፤ ምን እንደ ተመኘች፥ በምን እንዳፈረች፥ በምን ቀን ቍርጥ ሐሳብ እንዳደረገች እናውቃለን። በ«ድፍረት» ውስጥ ግን በልጅቱ ላይ የሆነውን ሁሉ አይተን ስንወጣ፥ የልጅቱን ልብ ከደጅ ሆነን እንዳየነው ይሰማናል። ተዋናይቱ ትዝታ ሐጌሬ በዝምታዋ ብዙ ነገር ትናገራለች፤ ድርሰቱ ግን የዝምታዋን ያህል ቃል አልሰጣትም።

የጎጃም ጉባኤ የሴትን ቃል ለመስማት እንግዳ አይደለም። ዐይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህርት ሆነው በጉባኤ ተቀምጠው ለወንዶች ተማሪዎች ቅኔ ሲነግሩ የኖሩት በዚህ በጎጃም ነው። ተማሪው ከእግራቸው ሥር ሲቀመጥ ሴት ናቸው ብሎ ምሥጢሩን አላቀለለም። ሴት ልጅ ስትናገር የሚጠፋ ሥርዓት የለንም፤ የሚጎድለን ተናገሪ የሚላት ነው።

ፊልሙ ከፍርዱ ጋር ይፈጸማል፤ የወይዘሮ መዓዛና የማኅበራቸው ሥራ ግን በዚያ አልተፈጸመም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ወጣ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 የነበረው የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው ቢያገባትም እንኳ ከቅጣት እንደማይድን በግልጥ ደነገገ። ማኅበሩ ለእነዚህ ሕጎች መለወጥ ብዙ ተከራክሯል። መንገዱ ግን ለስላሳ አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. ማብቂያና በ1994 ዓ.ም. መግቢያ የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን ለጥቂት ጊዜ አግዶት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅም ከገንዘባቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙት ማኅበራት ስለ መብት እንዳይሠሩ ስለ ከለከለ፥ የማኅበሩን ክንድ እጅግ አደከመው፤ ይህ አዋጅ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በጥር 2015 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ለቀቁ። በችሎት ፊት ለአንዲት የገበሬ ልጅ የቆመ ማኅበር መሪ የዳኞች ሁሉ አለቃ እስኪሆኑ ድረስ 20 ዓመት ያህል አለፈ። ይህ የሕይወት ታሪክ ከአንድ ክስ የሰፋ ነው፤ ተመልካቹም ከፊልሙ ወጥቶ ነገሩ አለቀ እንዳይል ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ይህን የማነሣው ስለ አርሲ ሰዎች ለመፍረድ አይደለም። በእኛ አገር ከጠለፋ ይልቅ የሚታወቀው ሕፃንን መዳር ነው። ጠላፊው በጉልበት ይመጣል፤ የሕፃኒቱ አጭ ግን ነጭ ለብሶ፥ ሽማግሌ አስቀድሞ፥ ጠጅ አስጥሎ ይመጣል። የአንዱ መንገድ ያስደነግጣል፤ የሌላው መንገድ ያስደስታል። የልጅቱ ፈቃድ ግን በሁለቱም ቤት አልገባም። ለዲያቆን የምትታጭ ድንግል ትሁን እየተባለ ገና ዕቃ ዕቃ የምትጫወት ልጅ ስትፈለግ የኖረችበት አገር ነው። ካህን በዚያ ሠርግ ላይ ተቀምጦ ሲመርቅ፥ ርብቃ የተጠየቀችውን ጥያቄ ሙሽራይቱ ተጠይቃ እንደ ሆነ ቢጠይቅ ከሥርዓቱ አንዳች አይጎድልም፤ እንዲያውም ሥርዓቱ ይሞላል። ሕጉ 18 ዓመት ብሎ ጽፏል፤ ነገር ግን ዳኛው ከሠርጉ ቤት ሩቅ ነው፤ ካህኑ ግን በመካከሉ ተቀምጧል።

በጠቅላላው «ድፍረት» ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው፤ በተለይ ካህናትና የአገር ሽማግሎች ቢያዩት እወድዳለሁ፤ በሸንጎው ውስጥ የራሳቸውን ድምፅ ይሰማሉና። የተዋናዮቹ ሥራ መልካም ነው፤ አማርኛው ንጹሕ ነው፤ የስሙም ኅብር ከብዙ ዘመን ወዲህ በፊልም ላይ ካየናቸው ስሞች ሁሉ ይበልጣል። ጉድለቱን ግን ሳንሰውር እንናገር፤ ስለ ፈቃድ የሚያስተምር ድርሰት ፈቃድን በመጠየቅ ሊጀምር ይገባው ነበር። ወይዘሮ መዓዛ ዕድሜያቸውን የደከሙበት ትምህርትም ይኸው ነው፤ ሕግ በልጅቱ ላይ ከመናገሩ በፊት ልጅቱ በሕግ ፊት ትናገር። ከእንግዲህ በዚህ ነገር ላይ የሚጽፍም ሆነ ፊልም የሚሠራ ሰው ቢነሣ፥ ብዕሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ ወደ ባለ ታሪኳ ደጅ ሄዶ ያንኳኳ፤ ግቢ ወይም ተመለስ ማለት የእርሷ ነው።